የፍሬዛ መኪና በአካባቢ መሥራት የመለዋወጫን ችግር ያቃልላል

በበጋ ወራት በመስኖ የሚለማ የሽንኩርት ማሳ ውሃ ሳያገኝ ሊቆይ የሚችለው ለቀናት እንጂ ለሳምንታት አይደለም። የሞተር ፓምፕ ግን ጊዜ መርጦ አይሰበርም። ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ጎማ በአሸዋ ተበልቶ ወይም ተሰንጥቆ ፓምፑ ሲቆም ማኅበሩ ሰው ወደ ወረዳው ከተማ ይልካል፤ በዚያ ካልተገኘ ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ በመጨረሻም የዚህ ዓይነቱ ፓምፕ ዕቃ ስለሌለ ሙሉ ፓምፕ ግዙ የሚል ምክር ይዞ ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ ሽንኩርቱ ደርቋል። ስለሆነም ነገሩ የአንድ ቁራጭ ብረት ጉዳይ ሳይሆን የአንድ ወቅት ምርት ጉዳይ መሆኑ ሊጤን ይገባል።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ በየአካባቢው በሚገኙ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ውስጥ፣ ሲ.ኤን.ሲ. በመባል የሚታወቀውን በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የፍሬዛ መኪና በራስ እጅ መሥራት ነው። ይህ ሲባል ከአቅም በላይ የሆነ ምኞት ሊመስል ይችላል። በብዙ አገሮች ግን ግለሰቦች በጓሯቸውና በጠባብ ክፍሎቻቸው ውስጥ ሲሠሩት የቆዩ መሣሪያ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራውን መኪና ተባብረው ገንዘብና ጉልበት የሚያዋጡ ማኅበራት የማይሠሩበት ምክንያት የለም።

መኪናው የሚሠራው ሥራ በአጭሩ ሲገለጽ እንደሚከተለው ነው። በፍጥነት የሚሽከረከር ስለታም መቁረጫ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች እየተንቀሳቀሰ ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከአሉሚኒየም ላይ ትርፉን እየላገ የተፈለገውን ቅርጽ ያወጣል። እንቅስቃሴውን የሚመራው የሠራተኛው እጅ ሳይሆን አስቀድሞ በቁጥር የተጻፈ ትእዛዝ ነው። በመሆኑም አንድ ጊዜ በትክክል የተዘጋጀ ትእዛዝ ከተቀመጠ ያው ዕቃ ከዓመት በኋላም ቢሆን በዚያው ልክ እንደገና ሊሠራ ይችላል።

የዚህ አሠራር መነሻ አሜሪካ ነው። በሚቺጋን ግዛት በትራቨርስ ሲቲ ይሠራ የነበረው ጆን ፓርሰንስ የሄሊኮፕተር ክንፍን ቅርጽ በትክክል ለማውጣት ልኩን በቁጥር አዘጋጅቶ መኪናው ቁጥሩን እንዲከተል አሰበ። ሐሳቡም እ.ኤ.አ. በ1952 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በተግባር ታየ። የዚያን ጊዜው መቆጣጠሪያ በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ የሚታዘዝና ከመኪናው ከራሱ የበለጠ ቦታ የሚይዝ ነበር። ዛሬ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን አገር በኢቭሪያ ከተማ የተጀመረው፣ አርዱዊኖ የተባለውና ከእጅ መዳፍ የማይበልጠው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ሰሌዳውን የሚያዝዘው ግርብል የተባለ ፕሮግራምም እ.ኤ.አ. በ2009 በኖርዌያዊው ሲመን ስቫለ ስኮግስሩድ የተጀመረ ሲሆን ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። እንግዲህ በፊት የትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ የነበረው ዕውቀት ዛሬ ለሚማረው ሁሉ ክፍት ሆኗል።

ሆኖም ግን ብዙዎች የሚሳሳቱት ከኤሌክትሮኒክሱ በመጀመራቸው ነው። የመኪናው መሠረት አካሉ ነው። እንቅስቃሴ የሚሰጠው ሞተር በ1 ዙር 200 እርምጃ ይራመዳል፤ ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ጥርሳም ዘንግ በ1 ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ አንዱ እርምጃ የ1 ሚሊ ሜትር 40ኛ ክፍል ይሆናል ማለት ነው። ይህ በወረቀት ላይ የሚያኮራ ልክ ነው። ነገር ግን ዳዶው በዘንጉ ላይ የሚላላ፣ ኩሽኔታው የሚንቀጠቀጥ፣ መቁረጫውን የተሸከመው ክንድ የሚታጠፍ ከሆነ ልኩ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ወደ ፊት የተዘረጋ ክንድ ርዝመቱ በእጥፍ ሲጨምር በዚያው ጉልበት የሚታጠፈው 8 እጥፍ ነው። ስለዚህ በአጭሩ የተሠራ፣ ከወፍራም ቱቦላሬ በሚገባ የተበየደ፣ መንቀጥቀጡን ለመቀነስም ሆዱ በኮንክሪት የተሞላ አካል ውድ ከሆነ ኤሌክትሮኒክስ ይቀድማል። በኮንክሪት መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1ኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካዊው ሉሲየን ዮማንስ አካላቸው ከኮንክሪት የሆነ ቶርኖዎች ሠርቶ ነበር።

ስለ ቅደም ተከተል የሚያስተምር ሌላም ምሳሌ አለ። አሜሪካዊው ዴቭ ጂንጀሪ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ባሳተማቸው ተከታታይ መጻሕፍት አንድ ሰው ከቁራጭ ብረትና ከወዳደቀ አሉሚኒየም ተነሥቶ የብረታ ብረት መሥሪያ ቤት እንዴት ሊያቋቁም እንደሚችል አሳይቷል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ ከሰል ማቅለጫ ምድጃ ነው፤ ቀጥሎ ቶርኖ፣ ፍሬዛውም ከዚያ በኋላ ይመጣል። መኪኖቹ በእጅ የሚመሩ ነበሩ። ቁም ነገሩ አንዱ መሣሪያ ሌላውን እየወለደ መሄዱ ነው። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሆነ ከሰልና ወናፍ ለዚህ ይበቃሉ። ከሰልና ወናፍ ደግሞ ለአገራችን ቀጥቃጭ እንግዳ ዕቃዎች አይደሉም። በመሆኑም ኮሌጁ ቀጥቃጩን ወደ ጎን ትቶ ሳይሆን አብሮት መሥራት ይኖርበታል።

ይህ መኪና ለገበሬው ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የፓምፑን ባለ ክንፍ ጎማ መነሻ ቅርጽ ከእንጨት ያወጣል። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር የእንጨቱ ቅርጽ በ100 ሚሊ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ከሩብ ያህል ከፍ ብሎ መሠራት አለበት። ይህን በእጅ ማመጣጠን አድካሚ ሲሆን ለመኪናው ግን የአንድ ቁጥር ለውጥ ነው። ከዚያም ቅርጹ በአሸዋ ውስጥ ታትሞ ብረቱ ይፈስበታል፤ መጨረሻ ላይ በቶርኖ ይስተካከላል።

በሁለተኛ ደረጃ የመስመር መዝሪያን የዘር ሰሌዳ ይሠራል። በቆሎ በመስመሮች መካከል 75 ሴንቲ ሜትር፣ በዘሮች መካከል 25 ሴንቲ ሜትር ተራርቆ ሲዘራ በ1 ሄክታር ወደ 53 ሺህ ያህል ተክል ይቆማል። የመዝሪያው ጎማ በ1 ዙር 1 ሜትር ከ50 የሚሄድና ሰሌዳውም አብሮት አንድ ጊዜ የሚዞር ከሆነ ሰሌዳው 6 ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ቀዳዳው ከዘሩ ከሰፋ ሁለት ፍሬ ይወድቃል፤ ከጠበበ ምንም አይወድቅም። የአንዱ አካባቢ ዘር ከሌላው ስለሚለይ ከሩቅ ተሠርቶ የሚመጣ ሰሌዳ ሁልጊዜ ላይስማማ ይችላል። በአካባቢ የሚገኝ መኪና ግን ዘሩ ተለክቶ በዚያው ልክ ሰሌዳውን ያወጣል።

የማይሠራውንም መናገር ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ የተሠራ ቀላል መኪና ጠንካራ ብረት እንደ ቅቤ አይቆርጥም። የትራክተር ማርሽ ወይም በእሳት የጠነከረ ዘንግ እንዲያወጣ የሚጠብቅ ማኅበር ገንዘቡንም ተስፋውንም ያባክናል። እንዲሁም መብራት ድንገት ሲጠፋ መኪናው የነበረበትን ቦታ ስለሚስት የተጀመረው ዕቃ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ የመነሻ ቦታውን የሚያሳውቁ ማብሪያ ማጥፊያዎች ሊኖሩት ይገባል። መቁረጫው በደቂቃ ከ10 ሺህ ዙር በላይ ሊዞር ስለሚችልም ነጠላ ወይም ጋቢ ለብሶ፣ ዓይንን ሳይሸፍኑ ወደ እርሱ መቅረብ አደጋ አለው።

ተሠርቶ ያለቀውን ለምን አንገዛም የሚሉ አይጠፉም። ተገዝቶ የሚመጣ መኪና ሥራ ቶሎ ሊያስጀምር እንደሚችል አይካድም። ሲበላሽ ግን ያው የመለዋወጫ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ ፓምፑን ለመጠገን የተገዛው መኪና ራሱ ጠጋኝ ፈላጊ ይሆናል። በራስ እጅ የተሠራ መኪና ግን የሠሩት ሰዎች እያንዳንዱን ብሎን ስለሚያውቁት በዚያው ይጠገናል። ከመኪናው ይልቅ ትልቁ ትርፍም ይኸው ዕውቀት ነው።

እንግዲህ ከማኅበራት መሪዎች የሚጠበቀው ግልጽ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት በማኅበሩ ፓምፕ፣ ወፍጮና መዝሪያ ላይ የተሰበሩት ዕቃዎች ከነልካቸው ተመዝግበው ለአባላት ጉባኤ ይቅረቡ። ዝርዝሩ ሳይታወቅ ገንዘብ መዋጣት የለበትም፤ የሚበዛው ስብራት ይህ መኪና የማይሠራው ዓይነት ከሆነም ነገሩ ቢቀር ይሻላል። ዝርዝሩ የሚያዋጣ ሆኖ ከተገኘ ጎረቤት ማኅበራት ተባብረው ከኮሌጁ ጋር በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ውሉም ከዘርና ከመስኖ ወቅት በፊት መኪናው ለገበሬው ሥራ የሚውልበትን ጊዜ ይወስን። ለሥልጠና የሚላኩት ወጣቶች ከአንድ በላይ ይሁኑ፤ አንዱ ወደ ከተማ ቢሄድ ሥራው አብሮት መሄድ የለበትም። ሴት ልጆችም ከዚህ ዕድል ሊገለሉ አይገባም። የእያንዳንዱ ዕቃ ሥዕልና ትእዛዝ በኮሌጁ ብቻ ሳይሆን በማኅበሩ መዝገብ ቤትም ይቀመጥ።

መኪናው ሲጠናቀቅም በጭብጨባ ብቻ መረከብ አይገባም። 100 ሚሊ ሜትር ጎን ያለው አራት ማዕዘንና አንድ ክብ እንዲቆርጥ ተደርጎ በካሊፐር ይለካ። ክቡ በአራቱ አቅጣጫ ጠርዙ ላይ እብጠት ወይም ጠፍጣፋ ከታየበት ዳዶው ላልቷልና ተስተካክሎ ይቅረብ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ለአንድ ማኅበር የሚከብደው ወጪ ለብዙዎች ይቀላል። የሚቀጥለው የመስኖ ወቅት ከመድረሱ በፊት ግን መሪዎች በቅድሚያ የተሰበሩትን ዕቃዎች መዝገብ ከፍተው መቁጠር ይጠበቅባቸዋል።