ዝቃጩን የት እንውሰደው?

የአዲስ አበባ ደንብ አስከባሪዎች በየሰፈሩ ያሉ ላቫጆዎችን ሲቀጡ «ደግ አደረጉ» የሚል ብዙ ሰው አለ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ከመኪና እጥበት የሚወጣው ውሃ አፈር ብቻ የያዘ አይደለም። የፍሬን ሸራው ዱቄት፣ ከጎማው የተፋቀው ጥቁር ብናኝ፣ ከሞተሩ ሥር የተንጠባጠበው ዘይት ሁሉ ከሳሙናው ጋር አብሮ ይወርዳል። የመንገድ ዳር ቱቦው የተሠራው ለዝናብ ስለሆነ ማጣሪያ የለበትም፤ የመጣለትን ሁሉ ተቀብሎ ቀበና ወይም ግንፍሌ ወንዝ ውስጥ ይዘረግፈዋል። ከዚያ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል ወደ አዋሽ ነው። በመሐል በዚሁ ውሃ ሰላጣና ጎመን የሚያለማ አትክልተኛ አለ። ሰላጣውን ገዝተን የምንበላው ደግሞ መኪናችንን ያሳጠብነው እኛው ነን።

ከሁሉም የሚከፋው የሞተርና የሥር እጥበት ነው። ቦቲ ጫማ የተጫማው ልጅ መጀመሪያ ናፍታ ይረጫል፤ ግራሶው እስኪለቅ ትንሽ ይጠብቅና በኦሞ አሽቶ በግፊት ውሃ ያወርደዋል። ናፍታው የትም አልጠፋም፤ ከበሩ ፊት ባለው ቦይ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ እያብለጨለጨ ሲሄድ ይታያል። ልጁ ይህን የሚያደርገው ደንበኛው «ሞተሩን አብራልኝ» ስለሚለው ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ነገ ጠዋት መከልከል ያለበት በናፍታ ማጠብ ነው። ይህንን ለመተው ማንም ባለላቫጆ ቦታም ሆነ ግንባታ አያስፈልገውም።

ቁጥጥሩ አጥብቆ የሚጠይቀው ግን ማጣሪያ ጉድጓድ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ መብራት አይፈልግም፣ ደህና ግንበኛ ይሠራዋል። ጉድጓዱ ተከፋፍሎ ይገነባል። አሸዋና ጭቃው በመጀመሪያው ክፍል ይዘቅጣል፣ ዘይቱ በሚቀጥለው ላይ ይንሳፈፋል። የመውጫው ቱቦ አፉን ወደ ታች ስለሚደፋ ከላይ ዘይቱን፣ ከታች ጭቃውን ትቶ የመሐሉን ውሃ ያሳልፋል። ሁለት ነገር ግን ያበላሸዋል። ሳሙና ሲበዛ ዘይቱን አድቅቆ ከውሃው ጋር ስለሚያዋህደው በቶሎ አይንሳፈፍም፤ ውሃው ረጋ ብሎ ካልቆየ ዘይቱ አብሮ ያልፋል። ሁለተኛው ጉድጓዱ መሙላቱ ነው። ሞልቶ ያልተጠረገ ማጣሪያ እንደሌለ ይቆጠራል።

ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። አንድ የማውቃቸው ባለላቫጆ በኪራይ ቦታ ላይ፣ ነገ «ለልማት ተነሱ» ይባሉ አይባሉ ሳያውቁ፣ ከኪሳቸው አውጥተው ጉድጓዱን አስገነቡ። ሲሞላ ሽንት ቤት የሚመጥ መኪና ጠሩ። ሾፌሩ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና «ይሄማ ዘይት ነው፤ አልጭንም» ብሎ ሄደ። ሾፌሩን አልወቅሰውም። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ቆሻሻውን የሚያብላላው በባክቴሪያ ስለሆነ ዘይትና ናፍታ ሲገባበት ሥራው ይታወካል። ባለላቫጆው ለቁጥጥር የመጣውን ወጣት ጠየቁ።

«ልጄ፣ ታዲያ ይሄን ዝቃጭ የት ልውሰደው?»

«ጋሼ፣ እኛ የምናየው ቱቦ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ነው።»

ዝቃጩ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ከአጥሩ ጀርባ ተደረደረ። ሐምሌ ሲገባ የሆነውን መናገር አያስፈልግም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል፤ የበከለም እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። ቅጣት ሲመጣ የሚነበበው ይህ ነው። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 5 ደግሞ የከተማ አስተዳደሮች የከተማ ቆሻሻ መሰብሰቡን፣ መጓጓዙንና በአግባቡ መወገዱን እንዲያረጋግጡ ያዛል። ይህኛው ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም። ባለላቫጆው የራሱን ግማሽ ቢፈጽም እንኳ ዝቃጩን የሚረከበው ከሌለ የቅጣት ደረሰኙ ለወንዙ ምንም አይፈይድለትም።

የተቃጠለ ዘይትን ተመልከቱ። ዘይት ቅያሪ ቤቶች በበርሜል ያጠራቅሙታል፤ ፈላጊ አለዋ! ግንበኛው ካሳፎርማ ይቀባበታል፣ አጥር የሚያጥረው ምስጥ እንዳይበላበት ቋሚውን ይነክርበታል። አጠቃቀሙ የሚያስመሰግን አይደለም፤ ነገር ግን ቱቦ ውስጥ የሚደፋው ጥቂት ነው። ዝቃጭ እንዲህ ያለ ገዢ አያገኝም። ስለዚህ በየክፍለ ከተማው አንድ መረከቢያ ይኑር፤ ዘይት ለበዛበት ዝቃጭ ተብሎ የተዘጋጀ፣ በበርሜል ሒሳብ የሚያስከፍል ይሁን። ክፍያው ከቅጣቱ ካነሰ ባለላቫጆው ራሱ ጭኖ ይወስዳል። መኪና ለሚያጥቡ ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ቦታ ሲሰጥም ጉድጓዱ ወጪውን እስኪመልስ የሚያቆይ ውል ይሰጣቸው። ከዚያ በኋላ የሚደፋ ከተገኘ ቅጣቱ እጥፍ ቢሆንም አልቃወምም።

አዋጁ በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በአቃቂ ዳር ጎመን የሚያለማው ሰው አንድ ቀን አቤት ሊል ቢነሳና በማን ላይ እንደሚያመለክት ቢጠይቀኝ፣ ከባለላቫጆው ቀጥሎ የአስተዳደሩንም ስም እንዲጽፍ እመክረዋለሁ።