70 የተባለው ሳንቲም

ፕሩፍ የሚባለው ሳንቲም ገበያ ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር አይሠራም። መምቻው ብረት ይወለወላል፣ ጥፍጥፉም ይወለወላል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ይመታና መደቡ መስተዋት፣ ምስሉ ደግሞ ደብዛዛ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት እንኳ መብራት ሥር ስታዘነብሉት ወዲያው ታሳብቃለች። ስለዚህ የሰብሳቢ ዓይን ጥቃቅን ጉድለት ላይ ማረፉ አይገርምም። የሚገርመው ያ ሁሉ ምርመራ በአንድ ቁጥር መጠቅለሉ፣ ገዢውም ሳንቲሙን ትቶ ቁጥሩን መግዛቱ ነው። በአሜሪካ ገበያ 70 የተሰጠው ፕሩፍና 69 የተሰጠው መንትያው በዋጋ ሲራራቁ የሚታየው ልዩነት የሳንቲሙ አይደለም ባይ ነኝ።

ለመሆኑ ቁጥሩ ከየት መጣ? ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከ1793 እስከ 1814 የተመቱትን ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 ደረጃ ሰጣቸው። መነሻው ዋጋ ነበር፤ 70 ያገኘው 1 ያገኘውን ሰባ እጥፍ ያወጣል ከሚል ስሌት የመጣ ነው። ገበያው ተለዋወጠና ስሌቱ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ ቁጥሩ ግን ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት ድርጅቶች ይህንኑ መለኪያ ይዘው ሳንቲም በፕላስቲክ እያሸጉ ደረጃ ይሰጣሉ። ሳንቲም ከሚመታበት መቅረጫ በቀጥታ የሚላክላቸው የዛሬ ፕሩፍ ግን በአብዛኛው 69 ወይም 70 ነው የሚያገኘው። ሰባ እርከን ያለው መሰላል ቆሞ ሁሉም ሰው የሚረግጠው የላይኞቹን ሁለት እርከኖች ብቻ ነው።

የ70 ትርጉም ራሱ ቢፈተሽ ችግሩ ይበልጥ ይጎላል። በኤንጂሲ መለኪያ 70 ማለት በአምስት እጥፍ ማጉያ ሲታይ ከተመታ በኋላ የደረሰ ጉድለት የሌለበት ነው። «ከተመታ በኋላ» የምትለዋን ልብ በሉ። እንግዲህ በብር ሳንቲም ላይ የሚወጣውን ወተት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ የት እናስገባው? መንስኤው ጥፍጥፉ ሲዘጋጅና ሲታጠብ ከሚቀር ነገር ጋር ይያያዛል፤ የካናዳው መቅረጫ እ.ኤ.አ. በ2018 ነጠብጣቡን የሚቀንስ አሠራር ሜፕል ሊፍ በተባለው የብር ሳንቲሙ ላይ ማስተዋወቁም ችግሩ ከፋብሪካ እንደሚጀምር ያሳያል። ነጠብጣቡ ግን ሳንቲሙ ታሽጎ 70 ከተጻፈበት ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል። ያኔ መለያው 70 ይላል፣ ሳንቲሙ ሌላ ይላል። የፒሲጂኤስ ዋስትናም ከታሸገ በኋላ የሚመጣ ነጠብጣብንና ጭጋግን አይሸፍንም። ድርጅቱ ራሱ ነገ የማይቆምለትን ቁጥር ገዢው ለዘለዓለም ብሎ ይከፍልበታል።

«ገበያው ከከፈለበት ዋጋው እውነት ነው» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካው የዌስት ፖይንት መቅረጫ የተመታውን፣ ኢግል የተባለውን የብር ሳንቲም ፕሩፍ እንመልከት። ብዛቱ 30,125 ብቻ ስለሆነ ብርቅነቱ አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከእነዚህ አንዱ፣ 70 የተጻፈበት፣ በጨረታ ከ86 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ፤ 69 የተባለው በዚያው ዘመን የዚህን አንድ አሥረኛ እንኳ አያወጣም ነበር። ቀጥሎ ሌሎች ባለቤቶችም እየላኩ 70 ማግኘት ጀመሩና ዋጋው ወደ ታች ተንሸራተተ። ከተመቱት ላይ አንድም አልተጨመረም። የተጨመረው መለያ ነው፤ የ86 ሺሁ ገዢ የከፈለውም ለመለያው እጥረት ነበር።

ማሸጊያው ጥቅም የለውም አልልም። ሐሰተኛ ሳንቲም በበዛበት ገበያ፣ ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ በሚገበያዩበት ዘመን፣ እውነተኛነቱን የሚያረጋግጥ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል። ለማረጋገጥ ግን 69ን ከ70 መለየት አያስፈልግም። ደረጃ ሰጪዎቹ ባለሙያዎች ናቸው፣ ከአንድ በላይ ሆነው ያያሉ የሚለውም እውነት ነው፤ ሆኖም ነጋዴዎች ያንኑ ሳንቲም ከፕላስቲኩ እያወጡ ደጋግመው የሚልኩት የተሻለ ቁጥር ሊመጣ እንደሚችል ስለሚያውቁ ነው። መልሱ ቋሚ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ክፍያ ማን ይከፍል ነበር? ይባስ ብሎ ጭጋጉን ለማንሣት ሳንቲሙን አሲድ ውስጥ የሚነክሩ አሉ፤ አሲዱ ከብሩ ላይ ስስ ሽፋን ይገፍና ሲደጋገም ብልጭታውን ይገድለዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ ቃል ቢጻፍ ይሻል ነበር፤ ጭረቱ በየትኛው ጎን እንዳለ፣ ከመቅረጫው ይምጣ ከሰው እጅ፣ ተጠርጎ እንደሆነ። የእኛኑ የ1970 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ጥበቃ ሳንቲሞች፣ ለምሳሌ የደጋ አጋዘን ያለበትን ባለ 25 ብር፣ ውጭ አገር ሆኖ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ማወቅ ያለበት ፕሩፉን ይሁን ተራውን የሚገዛው፣ መደቡስ በጨርቅ ተወልውሎ እንደሆነ ነው። 69 ወይስ 70 የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲያ ይደረስበታል፣ ባይደረስበትም ምንም አይጎድልበትም።