ፒክአፑ ዝቅ ያለው አምሮበት ነው ወይስ ደክሞት?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅርም ስለ ትዳርም አይደለም፤ ስለ ባሌስትራ ነው። አትሳቁ! ባሌስትራም እንደ ሰው ይደክማል፣ ደክሞትም ዝም ይላል። ነገሩን ያመጣው አንድ ወጣት አንባቢዬ ነው። እንዲህ ይላል፦

«የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። አባቴ በሕይወት ሳለ ለንግድ ይጠቀምበት የነበረ አሮጌ ፒክአፕ አሁን በእጄ ነው። ቀለም አስቀብቼዋለሁ፤ ቸርኬውንም ቀይሬያለሁ። የቀረኝ ዝቅ ማስደረግ ብቻ ነው። የኋላው ድሮም ትንሽ ዝቅ ስለሚል ሥራው ቀላል ነው፣ ሁለት ኢንች ብሎክ ይበቃዋል ብለውኛል። በጥር የጓደኛዬ ሚዜ ስለሆንኩ እስከዚያ ባደርሰው ደስ ይለኛል። እናቴ ግን አባትህ ያቆየልህን ንብረት አታበላሽ ትለኛለች። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ። «የኋላው ድሮም ትንሽ ዝቅ ስለሚል» የምትለዋ ጋ ስደርስ ሰውነቴ ሽምቅቅ አለ። ይህችን ቃል እኔም ብያታለሁ። በ1998 ዓ.ም.፣ በጥር ወር፣ ልክ እንዳንተ ለሰርግ።

ያኔ 23 ዓመቴ ነበር። አጎቴ ሲሚንቶና ጤፍ ሲያመላልሱበት የኖሩ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ነበራቸው። የሰፈራችን ልጅ ሊያገባ ሲል ለአጀብ አውሰውኝ፣ ቁልፉን ሲሰጡኝ «አደራ» ብቻ ነው ያሉኝ። እኔ ደግሞ አደራውን ይዤ ቀጥታ ጋራዥ! ሳልነግራቸው ማለቴ ነው። ልጆቹ በግማሽ ቀን ሠርተው ጨረሱት። የፊቱን ለቀቅ፣ ከኋላ ሁለት ኢንች ብረት ገባበትና ፒክአፑ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነብር መሰለ። ሰፈር ስገባ ሕፃናት ተከተሉኝ። እንዴት አማረ መሰላችሁ!

እሑድ ዕለት ካሶኒው ላይ ቪዲዮ ቀራጩና ረዳቱ ወጡ፤ አራት ጎረምሶችም ተጨመሩ። ሙሽሮቹን ቀድመን ወደ ፎቶ መነሻው ስንሄድ የመጀመሪያዋ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድንጋይ ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛዋ ላይ ግን ድምፁ ሌላ ነበር። መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤዋለሁ፣ መኪናው ግን ወደ ግራ ይሄዳል! የኋላው እንደ ውሻ ገደድ ብሎ እየተከተለኝ ነው። ፍሬን ስይዝ ባሰበት። የመንገዱ አካፋይ ጠርዝ ላይ ወጥተን ቆምን። ፍጥነቴ አርባ ቢሆን ነው። ቪዲዮ ቀራጩ ግን ከነካሜራው አስፋልቱ ላይ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። ካሜራው የኪራይ ነበር። ልጁ የሰርጉን ወቅት በሙሉ ክንዱን በጀሶ አንጠልጥሎ ቤቱ ተቀምጦ አለፈ። ካሴቱ በኋላ ሲታይ መጨረሻው ላይ ያለው ሰማይ፣ የባሕር ዛፍ ጫፍና «ወይኔ!» የሚል የራሱ ድምፅ ነው።

አጎቴ መጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ አልጮኹም። ጎንበስ አሉና የተሰበረውን ባሌስትራ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ «ና እየው» አሉኝ። የስብራቱ ግማሽ እንደ መስታወት ያበራል፤ ግማሹ ግን ቡናማ ዝገት ነው። «ያበራው የዛሬ ነው። የዛገው ግን ስንት ወር ሆኖታል። አንተ ከመነካካትህ በፊት ይነግርህ ነበር፤ አላየኸውም» አሉኝ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እንግዲህ ወደ አንተ ጉዳይ ልምጣ። ባሌስትራ የተደራረበ የብረት ቅጠል ነው። አዲስ ሳለ እንደ ቀስት ጎብጧል። ሲጫን ይዘረጋል፣ ጭነቱ ሲነሳ ይመለሳል። ለዓመታት ከአቅም በላይ ሲጫንበት ግን መመለሱን ይተዋል፤ ቀስቱ ለጥ ይላል። ያን ጊዜ መኪናው ባዶውንም የተጫነ ይመስላል። ያንተ «ድሮም ትንሽ ዝቅ ይላል» ይሄ ነው ብዬ እፈራለሁ። አባትህ ነጋዴ ነበሩ አላልክም? ነጋዴ ደግሞ ፒክአፕን በምን እንደሚጭን እኔም አንተም እናውቃለን።

ታዲያ ምን ይሆናል? ከአክስሉ በላይ፣ ሻንሲው ላይ፣ አክስሉ ብረት እንዳይመታ የምትቀበል ወፍራም ጎማ አለች። በደህና መኪና ላይ በእሷና በአክስሉ መሀል ባሌስትራው የሚሠራበት ክፍተት አለ። ባሌስትራው ሲደክም ከዚያ ክፍተት ላይ ይበላል። በዚህ ላይ የሁለት ኢንች ብሎክ ስታስገባ ደግሞ አምስት ሳንቲም ሜትር ታነሳለታለህ። በአጎቴ መኪና ላይ የቀረው ሁለት ጣት ነበር። ሁለት ጣት ሲቀነስ አምስት ሳንቲም ስንት ይቀራል? እኔ በሒሳብ ደካማ ነበርኩ፤ ጉብታዋ ግን አስተማረችኝ።

ስለዚህ ብሎክ ከመግዛትህ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስጠኝ። የሚያስፈልግህ ሜትር፣ ባትሪና አሮጌ ልብስ ነው።

መኪናውን ባዶውን ለጥ ያለ ቦታ ላይ አቁመው። ኮብልስቶን ላይ አይደለም፤ የነዳጅ ማደያ ሲሚንቶ ይሻላል። የጎማውን ንፋስ በሁለቱም ጎን እኩል አድርግ። ከዚያ ከኋላ ጎማው መሀል እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ለካ፤ ግራም ቀኝም። ልዩነቱ ከሁለት ሳንቲም ካለፈ አንዱ ጎን ደክሟል ማለት ነው ብለህ ጠርጥር። ግን አትቸኩል፤ አንዳንዴ ጥፋቱ የፊቱ ሆኖ የኋላው ይታማል። የፊቱን ልክ መሀሉ ላይ በክሪክ ትንሽ አንሳውና የኋላውን እንደገና ተመልከት። ከተስተካከለ ጥፋቱ ከፊት ነው። እንዳዘነበለ ከቀረ ግን ባሌስትራህ ነው። (በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እንዳትገባ! ይህን ያልኩት እናትህን ስለማስብ ነው።)

አሁን ክሪኩን አውርደህ፣ መኪናው በአራቱም ጎማ ቆሞ ሳለ፣ ከኋላ ጎንበስ በልና በባትሪ እይ። ባሌስትራው ባዶ መኪና ላይ አሁንም ወደ ላይ የተቀሰረ ቀስት ነው? ወይስ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሏል? ቀጥ ካለ ወይም ወደ ታች ከጎበጠ ፈተናው እዚያው አበቃ። የኋላ ጫፉን ከሻንሲው ጋር ያንጠለጠለችውንም ማወዛወዣ ብረት እያት። ባሌስትራ ለጥ ሲል ይረዝማል፤ ሲረዝም እሷን ወደ ኋላ ይገፋታል። ባዶ መኪና ላይ እንደ ሰካራም ወደ ኋላ ከተጋደመች ነገር አለ። ያቺ የምትቀበል ጎማስ? ፊቷ አብረቅርቆ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ አክስሉ ቀድሞም እየደበደባት ነበር።

ከሁሉ በላይ ጊዜህን የምትሰጠው ለስንጥቅ ነው። የሽቦ ብሩሽ ይዘህ ጭቃውን አራግፍ። ስንጥቅ የሚወዳቸው ቦታዎች አሉ፤ ቅጠሎቹን የያዘው የመሀል ቡሎን አካባቢ፣ የማሰሪያዎቹ ዳር፣ የዋናው ቅጠል ጫፍ የተጠቀለለበት ዓይን። የኔ የተሰበረው የፊተኛው ዓይን ሥር ነው። እዚያ ሲሰበር አክስሉን ከፊት የሚይዘው የለም፤ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መኪናውም ካንተ ፈቃድ ውጪ ይታጠፋል። ስንጥቅ ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይታይም። ከሁለት ቅጠል መሀል እንደ ቡና አተላ የሚፈስ የዝገት መስመር፣ ከጓደኞቹ ወደ ጎን የወጣ ቅጠል፣ አንደኛው ጎማ ከሌላው ይልቅ ወደ ፓራፋንጎው ጠርዝ የቀረበ እንደሆነ… እነዚህ ሁሉ ይናገራሉ። አሁንም «መኪናው ሲነጥር ገፍቼ አየሁት፣ ደህና ነው» እንዳትለኝ! ካሶኒውን ገፍተህ የምትፈትነው አሞርዛተሩን ነው። ባሌስትራ በዚያ አይመረመርም።

የመጨረሻውን ፈተና የተማርኩት ከአጎቴ ነው። አራት ከረጢት ሲሚንቶ ተዋስ፤ ሁለት መቶ ኪሎ ማለት ነው። ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ካሶኒው ላይ እኩል አድርገህ ጫንና እንደገና ለካ። አውርደህ፣ መኪናውን ትንሽ ነድተህ ተመለስና ለሦስተኛ ጊዜ ለካ። በሁለት መቶ ኪሎ ብቻ አክስሉ ጎማዋ ጋ ከደረሰ፣ ወይም ከወረደ በኋላ ወደ መጀመሪያው ቁጥር ካልተመለሰ፣ ወይም ግራና ቀኙ ለየቅል ከወረዱ፣ ያ ባሌስትራ ጡረታ ይውጣ። ሁለት መቶ ኪሎ እኮ የሦስት ጎረምሳ ክብደት ነው! እኔ ያኔ ስድስት ሰው ነው የጫንኩት።

ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። በብዙ የጃፓን ፒክአፖች ላይ ከኋላው አክስል ተነስታ ሻንሲው ላይ ካለ የፍሬን ቫልቭ ጋር የምትገናኝ ቀጭን ዘንግ ታገኛለህ። ሥራዋ ጭነት መቁጠር ነው። ካሶኒው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ዘንጓ ትንቀሳቀሳለች፣ ቫልቩም «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላው ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባሌስትራው ሲደክም፣ ወይም አንተ ብሎክ ስታስገባ፣ ሻንሲው ያለ ጭነት ይቀርባል። ዘንጓ ትታለላለች። ባዶ መኪና፣ እርጥብ አስፋልት፣ ድንገት ፍሬን… የኋላ ጎማ ቀድሞ ይነክስና ጅራቱ ይዞራል። ዝቅ የሚያደርግልህ ባለሙያ ስለዚህች ዘንግ ካላነሳልህ አንተ አንሳበት። «የቷ ዘንግ?» ካለህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

ዝቅ ያለ ፒክአፕ እጠላለሁ ማለት አይደለም። አሁንም በመንገድ ሲያልፍ ዞር ብዬ አያለሁ። ግን ፋሽኑ ከየት እንደመጣ አስብ። ትናንሽ የጃፓን ፒክአፖችን ዝቅ ማድረግ በደንብ የተስፋፋው በደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች ዘንድ ነው፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ። እዚያ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ ካሶኒውም ባዶ ነው፤ መኪናው ለመታያ ነው። እኛ ጋ ፒክአፕ ቅዳሜ ለሽርሽር፣ ሰኞ ለሲሚንቶ ነው። የጎረቤት ፍሪጅም ይጭናል።

ፈተናውን ከወደቀ ምን ታደርጋለህ? ሁለቱንም ጎን በአንድነት ቀይር፤ አንዱን ብቻ መቀየር ነገ ሌላ መዘንበል ነው። አዲሱ ኪስህን ከጎዳው ከተጋጨ መኪና የወጣ ደህና ጥንድ ሶማሌ ተራ ፈልግ፤ ግን ያንኑ የባትሪና የብሩሽ ምርመራ እዚያው ሱቁ በር ላይ አድርግለት። አሮጌውን አስመትቶ ማስጎበጥም አለ። በቀዝቃዛው በባለሙያ እጅ ከሆነ ለጊዜው ይይዛል፤ ስንጥቅ ካለው ግን አታስበው። በእሳት አቅልቶ ማጎበጥም ሆነ በእሳት አቅልቶ ዝቅ ማድረግ ብረቱን ጥንካሬውን ስለሚያሳጣው ጭራሽ እንዳትሞክረው። ቅጠል ቀንሶ ዝቅ ማድረግ የሚሉም አሉ። የቀሩት ቅጠሎች የሄዱትን ሸክም ጭምር ይሸከማሉ፤ መጨረሻውን ነግሬሃለሁ።

ብሎክ ራሱ ለሁሉም መኪና አይሠራም። ባሌስትራው ከአክስሉ ሥር ከሆነ ዝቅ ያደርጋል፤ ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነ ግን ያው ብሎክ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል። ጎንበስ ብለህ ካየህ ትለየዋለህ። የምታስገባው አንድ ወጥ ብረት ይሁን፤ የተደራረበ፣ የተበየደ ቱቦ ወይም እንጨት አይሁን። ማሰሪያ ቡሎኖቹን በአዲስ ቀይር፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላም እንደገና አስጠብቅ።

እናትህን በተመለከተ፣ ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። የለካኸውን ቁጥር ይዘህ ቁጭ ብለህ አስረዳቸው። እኔም ያኔ ለአጎቴ ነግሬያቸው ቢሆን አራቱን ከረጢት ሲሚንቶ ራሳቸው ያወጡልኝ ነበር።

ስድስቱን ቁጥር ላክልኝ፤ ባዶውን፣ ተጭኖ፣ ተራግፎ፣ ግራና ቀኝ። አብረን እናየዋለን። እስከ ጥር ካልደረሰ ሚዜነትህ አይቀርም፣ በሌላ መኪና ሂድ። ቪዲዮ ቀራጩን ግን ዝቅም አለ ከፍ ካሶኒ ላይ አታውጡት።