የወጋው መዝግቧል፤ የተወጋውስ?

የጦር መሣሪያ መሞከሪያ ሥፍራ ሲባል አእምሯችን ወደ ሩቅ፣ ወደ ካዛክስታኑ ሴሚፓላቲንስክ ይሄዳል። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1989 በዚያ ሜዳ 456 የኑክሌር ሙከራዎች አድርጋለች፤ የአካባቢው ሕዝብም ለዓመታት የሕመሙ መንስኤ ሳይነገረው ኖሯል። እኔ ግን ከኩታበር ሆኜ እጠይቃለሁ፦ የእኛስ መሞከሪያ ሥፍራ?

ፋሺስት ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ፕሮቶኮል ተቀብላ ሳለ፣ በ1928 ዓ.ም. በተከዜ፣ በኮረምና በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ይፐሪት አዘነበች። በዚያው ዓመት ኅዳር 26 ቀን ደሴን በቦምብ ስትደበድብ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። መርዙን መጀመሪያ በቦምብ ጣለች፤ ኋላም ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ረጨች። ስልቷን ያሻሻለችው በእኛ ወንዝ፣ በእኛ ከብት፣ በእኛ ገበሬ ላይ ነው። ይህ ሙከራ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

«ጋዝና አቶም አይወዳደሩም» የሚል አይጠፋም። በጉልበት አይወዳደሩም። እኔ የማወዳድረው ግን የተጎጂዎቹን ትጋት ነው። ካዛኮች እ.ኤ.አ. በ1989 በባለቅኔው ኦልዣስ ሱሌይሜኖቭ መሪነት ንቅናቄ አቋቋሙ። ሜዳው ነሐሴ 23 ቀን 1983 ዓ.ም. ተዘጋ። የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ. በ2009 ያንኑ ዕለት የኑክሌር ሙከራ መቃወሚያ ዓለም አቀፍ ቀን አድርጎ ሰየመው።

እኛስ? በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ዘረት በሚባለው ሥፍራ፣ ዋሻ ውስጥ የተሸሸጉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በጋዝ ተመቱ፤ እጃቸውን የሰጡትም ተረሸኑ። ይህን ግፍ ከሰነድ ቆፍሮ ለዓለም ያሳወቀው ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ተመራማሪ ነው። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም.፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመ!

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። ታዲያ የወጋው መዝገብ ይዞ የተወጋው ባዶ እጁን የቀረው ስለምን ነው? የካቲት 12ን እናስባለን፤ በጋዝ ላለቁት ግን ቀን አልሰየምንላቸውም። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክ ክፍሎች የተመቱትን ሥፍራዎች በካርታ ያስፍሩ፤ ከወላጆቻቸው የሰሙ አዛውንቶችም ሳያልፉ ቃላቸው ይመዝገብ። የራሱን ሙታን ያልቆጠረ ሕዝብ፣ ሌላው እንዲቆጥርለት ሊጠብቅ አይችልም።