«ቀለም ሽንት ቤት አይሆንም» ለምትሉ

ስለ ኪቤራ ሠዓሊዎች በተነሣ ቁጥር የማይቀር አስተያየት አለ፦ «ሕዝቡ ውሃና ሽንት ቤት የለውም፣ እነሱ ግድግዳ ይቀባሉ!» ሲሰሙት ብልህ ንግግር ይመስላል። ለመሆኑ የሽንት ቤት በጀት ለሠዓሊ የተሰጠው መቼ ነው? ማዘጋጃ ቤቱን ትቶ ብሩሽ የያዘውን ልጅ መክሰስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

እስቲ ሰዎቹን እንያቸው። በዚህ የናይሮቢ የጨረቃ ቤት ሰፈር «ማሳይ ምቢሊ» የሚባል የሠዓሊያን ስብስብ አለ። በስዋሂሊ «ሁለት ማሳዮች» ማለት ነው። መሥራቾቹ ኦቲየኖ ጎምባና ኦቲየኖ ኮታ ግን ማሳይ አይደሉም፤ የማሳይ ልብስ እየለበሱ የሚዞሩ ታፔላ ጸሐፊዎች ነበሩ። ትምህርት ቤታቸው የሰፈሩ ሱቅ በር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ የተደረገው ምርጫ ኬንያን ሲያቃጥል ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። ኪቤራ ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን በብሔር ለየው። ያኔ ሶሎ 7 በሚል ስም የሚታወቀው ሰሎሞን ሙዩንዶ ቀለሙን ይዞ ወጣ። በየግድግዳው፣ በየበሩ ስለ ሰላም ጻፈ። አንዱ ጽሑፉ «ሰላም ከነሕይወቱ ይፈለጋል» የሚል ነው፤ የወንጀለኛ መፈለጊያ ማስታወቂያን ገልብጦ። ይህን አንድ የእርዳታ ድርጅት በባነር ቢሰቅለው ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? ከሰፈር ልጅ እጅ ሲወጣ ግን ሌላ ነው።

ፈረንሳዊው ጄአር በ2009 የኪቤራን ጣሪያዎች በሴቶች ፎቶ ሲያለብስ ዓለም አጨበጨበ። እኔ የምወድለት ፎቶዎቹ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ላይ መታተማቸውን ነው፤ ዝናብ ከለከሉ። (ሽንት ቤት ባይሆን ጣሪያ ሆነ!) ግን ምስሉ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከላይ ነው። ነዋሪው ያለው ከታች።

እናንተ አድናቂዎችም አትቸኩሉ። በ2018 ለመንገድ ሥራ ዶዘር ኪቤራ ሲገባ 30,000 ገደማ ሰው ቤት አልባ ሆኗል። ዶዘር የተቀባና ያልተቀባ ግድግዳ አይለይም። «እንዴት ያምራል!» ብላችሁ ፎቶ ከለጠፋችሁ፣ የቤቱ ባለቤት የይዞታ ወረቀት እንዳለውም አብራችሁ ጠይቁ።

ሠዓሊውንም ክፈሉት። «ለሰፈርህ ነው» እያላችሁ በነፃ አታሠሩት፤ ባለ ሥጋ ቤቱ እንኳ ለታፔላው ይከፍለው ነበር።