ደመወዝ፣ ቤትና ፖሊስ አንድ ጥያቄ ናቸው

የተከበራችሁ የንፋስ ስልክ ላፍቶ መራጮች፣

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል እንዲወስን ደንግጓል። እስከ 2017 ዓ.ም. ግን ወለሉ አልተወሰነም። ደመወዙ ለኪራይ የማይበቃው ሠራተኛ ከከተማው ዳር ጎጆ ይቀልሳል፤ መንግሥትን የሚያየውም አፍራሽ ግብረ ኃይልና ፖሊስ ሲመጡበት ነው። በሰኔ 2008 ዓ.ም. በክፍለ ከተማችን ቀርሳ ኮንቶማ ቤት ሲፈርስ ነዋሪው መጠለያውን፣ የፖሊስ አባላትም ሕይወታቸውን አጡ። የኪራይ አዋጁ 1320/2016 ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ማዘዙን እንደግፋለን፤ ደመወዙ ካልቻለ ግን ውሉ ወረቀት ነው።

ምክር ቤት ገብተን የምንሟገተው ለ3 ነገር ነው፦ የደመወዝ ወለሉ በቀነ ገደብ ይወሰን፤ ያለ ምትክ መጠለያ ቤት አይፍረስ፤ ፖሊስ የያዘውን ሰው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ያቅርብ። በዚህ መዝኑን፤ ድምፃችሁንም ስጡን።