ጥቁሩን አፈር አውጡት እንጂ አትጠቅጥቁት

በአርሲ ደጋ ቤት የሚሠራው መኸሩ ከገባ በኋላ ነው። ስንዴውና ገብሱ ተሽጦ እጅ ላይ ገንዘብ ሲገኝ፣ በአሰላ፣ በሳጉሬ፣ በኢተያና በሮቤ ድንጋይና አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሲመላለስ ይውላል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በእነዚህ ከተሞች በፎርማንነት ስለሆነ፣ ባለቤቶች መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይፈጃል? ፌሮው ባለ ስንት ይሁን? ቆርቆሮውስ? ከሥር ያለው አፈር ምን ዓይነት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ግን ከስንት አንድ ነው።

“መሬቱ በደንብ ይጠቅጠቅልኝ” የሚሉ አሉ። አስበው ነው የሚሉት፤ ተጠንቅቀው ነው። ነገር ግን በእኛ አካባቢ ሲጠቀጠቅ ይበልጥ የሚከፋ አፈር አለ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

አርሲ አንድ ዓይነት አፈር የለውም። በቆጂ ላይ ስትቆፍሩ ቀዩ ይወጣል፤ ውኃ ያሳልፋል፣ በክረምትም በበጋም ያን ያህል አይለዋወጥም። ወደ አርሲ ሮቤ ስትሻገሩ ኮቲቻው፣ ጥቁሩ መረሬ ይቀበላችኋል። አሰላ በጭላሎ ተዳፋት ላይ ስለተቀመጠች በአንድ ሠፈር ውስጥ እንኳ ከላይኛው ግቢ ቀይ፣ ከታችኛው ጥቁር ሲወጣ አይቻለሁ። ይህ ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ሸክላው ክረምት ውኃ ስቦ ያብጣል፤ በጋ ውኃውን ሲለቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ገበሬው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ነሐሴ ላይ ውኃ የሚተኛበትን ማሳ ማጠንፈፊያ ቦይ ሳያወጣለት አይተወውም። እዚያው መሬት ላይ ለልጁ ቤት ሲያሠራ ግን ዕውቀቱን ማሳው ላይ ጥሎት ይመጣል።

ሮቤ ውስጥ አንድ መምህር ቤቱን እንዳይለት ጠራኝ። ወሩ መጋቢት ነበር። ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ አለ፤ ጣቴ እስከ መገጣጠሚያው ገባበት። የሳሎኑ ሊሾ መሃል ለመሃል ተተርትሯል። “ሐምሌ ሲገባ ስንጥቁ ይጠብልኛል፤ በሩ ግን አልዘጋ ይለኛል” አለኝ። በየዓመቱ በሲሚንቶ ያስለስነዋል፣ በየዓመቱ ይከፈታል። ከወለሉ ጥግ ሰብረን ስናይ፣ ከመሠረቱ የወጣው ጥቁር አፈር እዚያው ተመልሶ ተሞልቷል፤ በደረቁም ድንጋይ እስኪመስል ተጠቅጥቋል። ሥራውን የያዙት ሰዎች አልሰነፉም፤ ኮምፓክተሩን ደጋግመው አስኪደውበታል። ጉዳቱን ያባሰውም እሱ ነው። መረሬ ደረቁን አጥብቆ በተጠቀጠቀ ቁጥር፣ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥበት ኃይል ይጨምራል። ውስጡ ክፍተት ስላልቀረው ወደ ላይ ይገፋል፤ ወለሉንና ግድግዳውን ያነሣል።

የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የአሠራር መመሪያ ለእንዲህ ያለ አፈር ከሚያስቀምጣቸው መፍትሔዎች አንዱ ቆፍሮ አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ነው። ለመኪና መንገድ የሚደረገው ልጆች ለሚያድጉበት ቤት የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም።

ሣርና ሥር ያለበትን የላይኛውን 20 ሴንቲ ሜትር ሁሉም ያነሣል። ከዚያ በኋላ ጥቁሩ የት እንደሚያልቅ በአንድ ጉድጓድ ይታይ። አንድ ሜትር አካባቢ ካለቀ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ከግቢም ይጫን፤ እዚያው ከተከመረ ለሙሌት መመለሱ አይቀርም። ወደ ታች ከቀጠለ መሐንዲስ ይጠራ፤ ይህ ፎርማን በግምት የሚወስነው አይደለም።

በቦታው ገረጋንቲ ይግባ። መጠቅጠቅ ዋጋ የሚኖረው አሁን ነው። አንድ ሲኖትራክ ሙሉ ገልብጦ ከላይ ኮምፓክተር ማስኬድ ላዩን ብቻ ያጠነክራል፤ ከታች ያለው ልል እንደሆነ ይቀርና ከዓመት በኋላ ወለሉ ይሰምጣል። ሙሌቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ንብርብር እየተነጠፈ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠቅጠቅ። ውኃ ለቅቆ ማሳደርም በመጠቅጠቅ ፈንታ አያገለግልም፤ ከሥር ጥቁር አፈር ከቀረ ደግሞ ራሱ ጉዳት ነው። ፕሮክተር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ አፈር አጥብቆ የሚይዘው በተወሰነ እርጥበት ነው። ከደረቀ አልገጥም ይላል፤ ከራሰ ውኃው የአፈሩን ቦታ ይይዛል፣ መሬቱም በኮምፓክተሩ ሥር ይላወሳል። ላብራቶሪ ለሌለው ሰው እጁ አለ። ጠጠሩን ለይታችሁ አፈሩን ጨብጡት። ተጣብቆ ቅርጽ ከያዘ፣ መሬት ላይ ሲጣልም ጥቂት ቦታ ከተሰበረ እርጥበቱ ደህና ነው። መዳፍ ካራሰ ይቆይ፤ እንደ ዱቄት ከተበተነ ውኃ ይጨመርበት።

ሌላው የአካባቢያችን ችግር ባሕር ዛፍ ነው። ግቢውን ለማጠር ከግድግዳው ሥር ይተከላል፤ በበጋ ሥሩ ከመሠረቱ ሥር ያለውን እርጥበት ይመጥጠዋል፣ በዚያ ወገን ያለው ጥግ ይወርዳል። በተቃራኒው ወገን ደግሞ አሸንዳ የሌለው ጣሪያ የክረምቱን ውኃ እዚያው መሠረቱ ላይ ያፈሰዋል። አንዱ ጥግ ሲደርቅ ሌላው እየራሰ ግድግዳ እንዴት ይቁም? ዛፉን አርቃችሁ ትከሉ፤ አሸንዳ ግጠሙ፤ ዙሪያውንም ወደ ውጭ ባዘነበለ ኮንክሪት አስነጥፉ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ባለ አንድ ወለል ትንሹን ቤት በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦት ነበር። አብዛኛው የአርሲ ሰው የሚሠራው እሱኑ ነው። ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ቤት የላብራቶሪ ምርመራ ይደረግ አልልም፤ የብዙ ሰው አቅም አይችለውም። የአሰላና የሮቤ ማዘጋጃ ቤቶችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የግንባታ ፈቃድ ስትሰጡ፣ መሠረቱ ከመሞላቱ በፊት ባለሙያችሁ መጥቶ የተቆፈረውን ጉድጓድ በዓይኑ ይይ። እንደ ኩሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉ ተቋማት የዚህን አገር አፈር ለስንዴ ሲሉ ለብዙ አሥርት ዓመታት አጥንተውታል፤ ጥቁሩ የት የት እንደሚገኝ ጠይቋቸውና በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። እናንተም ቤት ልታሠሩ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ከሰድራና ከኮርኒሱ ቀንሳችሁ ለገረጋንቲው ክፈሉ፤ የቤቱን ወለል ኋላ ቀስ ብላችሁ ታሳምሩታላችሁ።